ከጮሌ ወደ አክሱም፤ ቤተ ሰብን ይዞ የጥንት ከተማን መጐብኘት

በአርሲ ደጋ በጮሌ የምንኖር ሰዎች ገብስና ስንዴ፥ ብርድና ጭጋግ ሞልቶልናል፤ የጥንት ነገሥታት ከተማ ግን በአጠገባችን የለም። ስለዚህ በ2006 ዓ.ም. በጥር ወር ቤተ ሰባችንን ይዘን ወደ አክሱም ለመሄድ በተነሣን ጊዜ ጎረቤቶቻችን «ምን ጠፍቶባችሁ ነው?» እያሉ ጠየቁን። የሄድነውም እኛና ባለቤታችን፥ የዐሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጃችን፥ የሰባት ዓመትም ወንድ ልጃችን ነን። ስለ አክሱም ብዙ ሊቃውንት ጽፈዋል። እኛ ግን የችሎት ጸሓፊ እንጂ ሊቅ አይደለንም፤ የምንጽፈውም ልጆችን ይዞ ወደ እንደዚህ ያለ ስፍራ መሄድ የሚያመጣውን ደስታ፥ ከደስታውም ጋራ ያገኘንን ጭንቀት ነው።

የነገሩ መነሻ ቻይና ናት ብንል አንባቢ ይስቅብን ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አስተማሪዋ ስለ ቻይና ጥንታዊ መናገሻ የነገራትን በአፏ ሞልታ ገባች። ይህች ከተማ በሄናን አውራጃ በአንያንግ አጠገብ የምትገኝ፥ የሻንግ ነገሥታት የመጨረሻ መቀመጫ የነበረች ናት፤ ዘመኗም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1300 ገደማ ጀምሮ እስከ 1046 ገደማ እንደ ነበረ ይነገራል። ከተማዪቱ ከጠፋች በኋላ የአገሩ ገበሬዎች ሲያርሱ የሚወጣውን አሮጌ አጥንትና የዔሊ ቅርፊት «የዘንዶ አጥንት» እያሉ ለመድኀኒት ቀማሚዎች ይሸጡት ነበር፤ በሽተኛውም ተፈጭቶ ይሰጠውና ይጠጣው ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1899 ዓ.ም. ዋንግ ዪሮንግ የሚባል ሊቅ በአጥንቱ ላይ የተቀረጸ ጽሕፈት መኖሩን አስተዋለ ይባላል። ከዚያ በኋላ በ1928 መንግሥት ሊቃውንትን ልኮ ቍፋሮ አስጀመረ፤ በ1976ም የንጉሥ ዉ ዲንግ ሚስት የፉ ሃው መቃብር ሌባ ሳይነካው ከነዕቃው ተገኘ። ስንት ዘመን የነገሥታቱ መዝገብ በሕዝብ ሆድ ውስጥ እንዳለቀ ግን የሚቈጥረው የለም።

ልጃችን ይህን ሁሉ ከተናገረች በኋላ፥ «አባባ፥ የእኛስ ነገሥታት ከተማ የት ነው? የእኛንስ አጥንት ማን ፈጭቶ ጠጣው?» ብላ ጠየቀችን። ለፊተኛው ጥያቄ መልስ ነበረን። ለሁለተኛው ግን ዝም አልን።

በዚያ ዓመት ለማድ ቤታችን ክዳን ቆርቆሮ መግዣ ያጠራቀምነው ጥቂት ገንዘብ ነበር። ቆርቆሮው ይቅር ለማለት እኛ ስናመነታ ነገሩን የቈረጠችው ባለቤታችን ናት። ትንሹ ልጃችን ሁለት ዓመት ሳይሞላው የሳንባ ምች ይዞት ከሞት አፋፍ በደረሰ ጊዜ ለአክሱም ጽዮን ተስላ ኖሯል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ለእኛ አልነገረችንም። «የማድ ቤቱ ክዳን ቢያፈስ ድስቱን ፈቀቅ አደርጋለሁ፤ የተሳልሁትን ግን ወዴት ፈቀቅ አደርጋለሁ?» አለችን። ስለዚህ እርሷ ለስእለት፥ ልጃችን ለፍርስራሹ፥ እኛም በሕፃንነታችን በቄስ ትምህርት ቤት ስሙን ስንሰማ ላደግነው ከተማ ብለን፥ የዓመት ፈቃዳችንን ወስደን ተነሣን። ትንሹ ግን አውቶቡስ ለመሳፈር ብቻ ነበር የመጣ።

የመንገዱን ነገር አናረዝምም። ከጮሌ በአሰላና በአዳማ በኩል አዲስ አበባ ገብተን፥ ከዚያም በደሴና በመቀሌ አድርገን፥ ዐድዋን ዐልፈን በአምስተኛው ቀን ማታ አክሱም ደረስን። በመንገድ ላይ ሁለቱም ልጆች ታመሙ፤ ዳኑም።

በማግሥቱ ጧት ወደ ሐውልቶቹ ሜዳ ወጣን። ሥዕሉን በመጽሐፍና በገንዘብ ላይ ያየ ሰው ሁሉ ያወቀው ይመስለዋል፤ ከሥሩ ቆሞ አንገቱን እስኪያመው ካልተመለከተ በቀር ግን አላወቀውም። ከሁሉ የሚበልጠው ሐውልት ወድቆ ተሰባብሮ ይገኛል። ርዝመቱ 33 ሜትር ያህል፥ ክብደቱም 520 ቶን ያህል እንደ ሆነ ሊቃውንት ገምተውታል፤ የአርሲ ሰው በለመደው ሚዛን 5,200 ኵንታል ማለት ነው። ከአንድ ድንጊያ ተፈልፍሎ ዐሥራ ሦስት ደርብ ያለው ቤት መስሎ ተቀርጿል፤ በር አለው፥ መስኮት አለው፥ የሳንቃው ጫፍ ሳይቀር ወጥቶ ይታያል። ሲያቆሙት ሳለ እንደ ወደቀ ብዙዎች ሊቃውንት ያምናሉ። ትንሹ ልጃችን በግንዱ ጐን እየተራመደ መስኮቶቹን ሲቈጥር ቆይቶ፥ «በዚህ ቤት ማን ይኖራል?» አለ። ሙታን እንደሚኖሩበት፥ ሐውልቶቹም በሦስተኛውና በአራተኛው መቶ ዓመት ለነገሥታት መቃብር ምልክት የቆሙ መሆናቸውን ነገርነው። ከዚያ ወዲያ እጃችንን አልለቀቀም።

ከወደቀው አጠገብ 24 ሜትር ያህል የሚረዝመው ሐውልት ቆሟል፤ ታሪኩን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ ብለን አናስብም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1937 ዓ.ም. ፋሺስቶች ወደ ሮማ ወስደው አቆሙት፤ በ1947 በተደረገው የሰላም ውል ኢጣልያ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ለመመለስ ግዴታ ገባች፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሐውልቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ በሮማ ቆየ። በመጨረሻ በሚያዝያ ወር 1997 ዓ.ም. ሦስት ቦታ ተከፍሎ በታላቅ አይሮፕላን አክሱም ገባ፤ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም.ም በቦታው ቆሞ ተመረቀ። በቦታው ያገኘናቸው አንድ ሽማግሌ ዘበኛ፥ ልጆቻችን እንደ አገሩ ልማድ «አቦይ» እያሉ የጠሯቸው፥ አይሮፕላኑ በገባ ቀን እንዳለቀሱ ነገሩን። በየት በኩል እንደ ተገጠመ በጣታቸው ሲያሳዩን ልክ የተሰበረ እግር የዳነለት ሰው ጠባሳውን የሚያሳይ ይመስሉ ነበር።

እንግዲህ አንድ ነገር እንናዘዛለን። በቄስ ትምህርት ቤት ያስተማሩን መሪጌታ ሐውልቶቹን መላእክት እንዳቆሟቸው ነግረውን ነበር። ኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስተማሩን ደግሞ ይህን ተረት ነው ብለው ሣቁብን፤ ሣቃቸውም ለብዙ ዘመን በልባችን ቀርቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከከተማው በስተ ምዕራብ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ ጎቦ ድራ ኮረብታ ሄድን። ድንጊያው የተፈለጠው ከዚያ ነው። በዐለቱ ላይ ሽብልቅ የገባባቸው ጕድጓዶች በመሥመር ተደርድረው እስከ ዛሬ ይታያሉ፤ ተጀምሮ የቀረም ፍልጥ አለ። ሴት ልጃችን ጣቷን በአንዱ ጕድጓድ ውስጥ አግብታ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። እኛም የአስተማሪዎቻችንን ነገር ሁለቱንም አሰብን። የሰው እጅ ይህን እንደ ሠራ በዐይናችን አየን፤ በመሪጌታችን ላይ ግን ለመሣቅ አልቻልንም። 5,200 ኵንታል ድንጊያ ቀጥ ብሎ ሲቆም ያየ ሰው ዘሩ ስለ መላእክት ቢናገር ምን ያስደንቃል?

በሁለተኛው ቀን ወደ ዐፄ ካሌብ መቃብር በሚወስደው መንገድ በትንሽ ቤት ውስጥ የሚጠበቀውን የንጉሥ ዔዛናን ድንጊያ አየን፤ ገበሬዎች መሬት ሲቈፍሩ ያገኙት ነው። በሦስት ዐይነት ተጽፏል፤ በግሪክ፥ በሳባ ፊደል፥ በግእዝም። ግእዙ ገና እንደ ዛሬው ካዕብና ሣልስ የለውም፤ ሁሉም በአንድ መልክ ይጻፋል። ቢሆንም ፊደላችን ነው። በጥቍር ሰሌዳ ፊት «ሀ ሁ» ያለ ማንም ሰው ከድንጊያው ላይ «ነ»ን፥ «ገ»ን፥ «ሠ»ን ለቅሞ «ንጉሥ» የሚለውን ቃል ሊያገኝ ይችላል። ልጃችንም አገኘች፤ ዘበኛው እስኪገሥጻት ድረስም ጮኸች።

ጽሕፈቱ ስለ ጦርነት ነው ሲሉ ሰምተን ነበር፤ በውነቱ ግን ከእኛ ሥራ ጋራ የሚመሳሰል ሆኖ አገኘነው። የቤጃ ሰዎች ባመፁ ጊዜ ንጉሡ ወንድሞቹን ሰደደባቸው፤ ድል ከሆኑም በኋላ ስድስቱን አለቆቻቸውን ከሕዝባቸው ጋራ አፍልሶ በሌላ አገር አሰፈራቸው። በመንገድ የተሰጣቸው ምግብና መጠጥ፥ የለበሱትም ልብስ ተጽፏል፤ በሰፈሩበት አገር የተሰጣቸው ከብት ደግሞ 25,140 ተብሎ ተቈጥሯል፤ ለእያንዳንዱ አለቃ 4,190 ይደርሰዋል። ይህን ቍጥር የመዘገበ አንድ ጸሓፊ በዚያ ዘመን ነበረ፤ ስሙን አልጻፈም። በድንጊያውም መጨረሻ ይህን የሚያጠፋ ወይም የሚነቅል ቢኖር እርሱም ዘሩም ከምድር ይነቀል የሚል እርግማን አለበት። ባለቤታችን ይህን በሰማች ጊዜ ልጆቹን ከድንጊያው ፈቀቅ አደረገቻቸው።

ስእለቱ የተፈጸመው በዚያው ቀን ነው። ወደ አሮጌው የጽዮን ቤተ ክርስቲያን ሴቶች አይገቡም፤ ስለዚህ ባለቤታችን ጥላዋን ያስረከበች ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ባሠሩት በ1957 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ ጉልላት ሥር ነው። ልጃችን «ለምን?» ብላ ስትጠይቅ እናቷ «ልማድ ነው» አለቻት፤ ልጃችን ግን መልሱ እንዳልበቃት ከፊቷ አየን። እኛም የተሻለ መልስ አልነበረንም።

አሁን ወደ ጭንቀቱ እንመጣለን። በሦስተኛው ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ወደ ዱንጉር ሄድን። የአገሩ ሰው የንግሥት ሳባ ቤተ መንግሥት ነው ይለዋል፤ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1960ዎቹ የቈፈሩት ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬና ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ሊቃውንት ግን ከክርስቶስ ልደት በኋላ በስድስተኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራ የመኳንንት ቤት እንደ ሆነ ገምተዋል። ሃምሳ ያህል ክፍል አለው፤ ደረጃው፥ ምድጃው፥ የውኃ መውረጃውም ይታያል። ባለቤታችን የምድጃውን ስፍራ አይታ፥ «ክዳን የሌለው ማድ ቤት እዚህም አለ» አለችን። በመንገዱ ማዶ የጉዲት የሚባሉ ያልተጠረቡ ሐውልቶች በታረሰ ማሳ መካከል ቆመዋል። እኛ በጥላ ተቀምጠን ስናርፍ ሴት ልጃችን ከአንድ የአገሩ ልጅ ጋራ በድንጊያዎቹ መካከል ስትሄድ እናያት ነበር። ልጁ በዕድሜ እኩያዋ ይመስላል፤ ጫማው ከፊት ተቀዶ ጣቱ ይታይ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ዐድዋ የሚሄደውን መኪና ተሳፈርን። ለመቀሌና ለአዲስ አበባ ቲኬት ቈርጠን ነበር፤ ፈቃዳችንም ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር፤ ለመንገዱ ልክ የሚበቃ ማለት ነው። ዐድዋ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ልጃችን ማልቀስ ጀመረች። አሟት መስሎን ስንጠይቃት ከኪሷ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥታ ሰጠችን። በውስጡ ከአንድ ጥፍር የማይበልጥ፥ አረንጓዴ ዝገት የበላው የመዳብ ገንዘብ ነበረ። ለመክሰስ ከሰጠናት ገንዘብ በዐሥራ አምስት ብር ከዚያ ልጅ ገዝታዋለች። ልጁ ከዝናም በኋላና እርሻ በታረሰ ጊዜ እንደዚህ ያለውን እያገኘ ለእንግዶች እንደሚሸጥ፥ በሚያገኘውም ደብተር እንደሚገዛ ነግሯታል። «የንጉሡ እርግማን ይደርስብናል ወይ?» ስትል ትንሹም ማልቀስ ጀመረ።

እርግማኑ ስለ ድንጊያው እንጂ ስለ ገንዘቡ አለመሆኑን ብንነግራት በተቻለ። ነገር ግን እኛ የሕግ ቤት ሰዎች ነን፤ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992 መሠረት እንደዚህ ያለ ነገር ከመሬት ሲገኝ ለባለሥልጣን ማስታወቅ ግዴታ እንደ ሆነ እናውቃለን። ባለቤታችንም ሕግ ሳትማር ይህንኑ አወቀችው። «ከጽዮን አገር የተሰረቀ ነገር ይዤ ቤቴ አልገባም» አለች፤ ወዲያውም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ «ነገር ግን ልጁን አናሳስርም፤ አንተ ደግሞ ስትጽፍ ማቆም አታውቅም» አለችን። ከዐድዋ ወርደን ወደ አክሱም ተመለስን። የመቀሌው ቲኬት ቀረ።

በቤተ መዘክሩ አንዲት ሴት ሠራተኛ ተቀበለችን። ገንዘቡን በእጇ መዳፍ አድርጋ በማጕሊያ መነጽር ካየችው በኋላ እውነተኛ መሆኑን ነገረችን፤ በአንድ ወገን የንጉሥ መልክ፥ በሌላው ወገን መስቀል አለበት። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ከወርቅ፥ ከብርና ከመዳብ ገንዘብ አሠርተዋል፤ በፊት ጨረቃና ፀሐይ ያትሙበት ነበር፤ ዔዛና ካመነ በኋላ መስቀል ተተካ። ደግሞም ማኒ የሚባለው የፋርስ ሰው በዚያው በሦስተኛው መቶ ዓመት ታላላቆቹን የዓለም መንግሥታት አራት ብሎ ሲቈጥር ፋርስንና ሮማን፥ ቀጥሎም አክሱምን እንደ ጠራ፥ አራተኛውንም «ሲሊስ» እንዳለው፥ ይህም ቻይና ሳይሆን እንደማይቀር ሊቃውንት የሚገምቱ መሆናቸውን አወጋችን። ልጃችን በእንባዋ መካከል ቀና ብላ አየችን።

ከዚያ በኋላ ግን ሴቲቱ የተናገረችው ነገር እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልጠፋም። «ገንዘቡ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከየትኛው አፈር፥ ከምን አጠገብ እንደ ወጣ ካልታወቀ ምስክር እንደሌለው ነገር ነው» አለችን። ይህን እኛ በሚገባ እናውቃለን። በችሎት ፊት ከየት እንደ ተያዘ ያልተጻፈ ዕቃ ስንት ጊዜ ዋጋ ሲያጣ አይተናል! በዚህ ጊዜ ልጃችን ቦርሳዋን ከፍታ ደብተሯን አወጣች። ልጁ ያገኘበትን ስፍራ አሳይቷት ኖሮ፥ ከትልቁ ድንጊያ በስተ ምዕራብ ሃያ ርምጃ ብላ ጽፋለች፤ የማሳውንም ሥዕል በእርሳስ ሥላለች። ሴቲቱ ደብተሩን ሁለት ጊዜ አንብባ፥ ሥዕሉን በወረቀት ገለበጠችና ከገንዘቡ ጋራ አኖረችው።

የርክክብ ወረቀት መጣ። የአስረካቢ ስም፥ አድራሻ፥ ቀን፥ የዕቃው ዐይነት፥ የተገኘበት ስፍራ። ይህን ሁሉ በራሳችን እጅ ሞላነው። ከዚያ በኋላ «የመጀመሪያ አግኚ ስም» የሚል መሥመር መጣ። ልጃችን የልጁን ስም ታውቃለች፤ እርሱ ራሱ ነግሯታል። ጸሓፊነት ከጀመርን ወዲህ የሌላ ሰው ወረቀት ባዶ መሥመር ይዞ ሲመጣ አንቀበልም ነበር፤ ሞልተህ ና ብለን የመለስነው ባለ ጉዳይ፥ ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ገበሬ ሳይቀር፥ ቍጥር የለውም። ብዕሩን ይዘን ቆየን። ባለቤታችን የእኛን እጅ ታይ ነበር፤ ልጃችንም የእናቷን ፊት። ሴቲቱ ሠራተኛ በዚያን ጊዜ ተነሥታ መስኮቱን ለመክፈት ሄደች፤ መስኮቱ ግን ተከፍቶ ነበር። እኛም መሥመሩን ዐልፈን ፈረምን። እርሷም ተመልሳ ማኅተሟን መታች።

ጮሌ የገባነው ፈቃዳችን ካለቀ ሁለት ቀን ዐልፎ ነው፤ የሁለት ቀን ደመወዝም ተቈረጠብን፤ ይህም የሚገባ ነው። ቆርቆሮውን የገዛነው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ከዚያ ጉዞ ወዲህ ግን ወረቀቱ ያልተሟላ ባለ ጉዳይ ሲመጣ ከመመለሳችን በፊት «ለምን ባዶ ሆነ?» ብለን መጠየቅ ለምደናል፤ ይህም ሥራችንን አዘግይቶታል።

በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነት በአክሱም ላይ በወደቀ ጊዜ፥ በጽዮን በዓል ሰሞን ብዙ ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን ዘግይተን ሰማን፤ ስልኩ ተዘግቶ ነበርና። ልጃችን ያን ጊዜ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ቈንጆ ሆና ነበር። ወሬውን በሰማንበት ማታ ሣጥኗን ከፍታ የርክክቡን ወረቀት ግልባጭና ያን ደብተር አወጣች፤ በሥዕሉም ላይ በድንጊያዎቹ መካከል አንድ ትንሽ ሰው ሥላ ኖሯል፤ ከዚያ በፊት አላስተዋልነውም ነበር። የልጁን ስም በእርሳስ ከሥሩ ጽፋለታለች። ባለቤታችን ደብተሩን ተቀብላ በመብራቱ አስጠግታ አየችው፤ «ይኸኔ ሃያ ዓመት ሆኖታል» አለች፤ ተነሥታም ጧፍ ለኰሰች።